ክብደት ከመጨመር በፊት ትከሻን ማስቀመጥ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጉዳዩ፦ በጂሞቻችን ስለሚሠራው ቤንች ፕሬስ

ጋዜጣችሁ በስፖርት ገጹ ስለ እግር ኳስና ስለ አትሌቲክስ በስፋት ይጽፋል፤ በዚህ ከተማ ጎህ ሳይቀድና ከሥራ መልስ ብረት ስለሚገፋው ሕዝብ ግን ብዙም ሲነሳ አላይም። በሰውነት ማጎልመሻ አሰልጣኝነት አሥራ አራት ዓመት ያህል የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍሁትም ጀርባን አግዳሚ ላይ አስተኝቶ ብረትን ከደረት ወደ ላይ ስለ መግፋት፣ ሁላችንም ቤንች ብለን ስለምንጠራው እንቅስቃሴ አንድ ነገር ለማሳሰብ ነው። ባየኋቸው ጂሞች ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ቤንች የሚበላሸው ብረቱ ደረት ላይ ሲደርስ ሳይሆን ገና ከመስቀያው ሳይነሳ፣ ሠሪው አግዳሚው ላይ ጋደም ባለበት ቅጽበት ነው። ትከሻውና የላይኛው ጀርባው በቦታቸው ሳይቀመጡ የተጀመረ ግፊት መሀል ላይ አይታረምም፤ እኛ አሰልጣኞች ግን የምንቆጥረው ኪሎውንና ድግግሞሹን ብቻ ስለሆነ ይህ መጀመሪያ ያመልጠናል።

ሰኞ ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ወደ አንዱ ጂም ጎራ ያለ ሰው፣ የእግር መሥሪያው ጦሙን ቆሞ በቤንቹ ዙሪያ ግን አራትና አምስት ወጣት ፎጣውን አንገቱ ላይ ጥሎ ተራ ሲጠብቅ ያያል። ሰኞ ማንም ሳይደነግገው የደረት ቀን ሆኗል። በቅርቡ በእንዲህ ዓይነቱ ሰኞ ሃያ ዓመት ገደማ የሚሆነው አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ 80 ኪሎ ጭኖ አየሁት። ከሥራ ደክሞ የመጣ ሰው አልጋው ላይ እንደሚዘረር ተዘረረና እጆቹን ወደ ላይ ሰድዶ ብረቱን ጨበጠ፤ አውራ ጣቶቹን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ በኩል አድርጓቸዋል። ጓደኛው በራስጌው ቆሞ ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ «በርታ! ያንተ ነው!» ይለዋል፤ እንዲህ ባለው እርዳታ አንዱ ደረት ሲሠራ ሌላው ጀርባ እንደሚሠራ ልብ ይሏል። ሦስተኛው ግፊት ላይ የተማሪው ግራ ትከሻ ከአግዳሚው ተነሥቶ ወደ ጆሮው ወጣ፤ ቀኙ ተከተለው፤ ብረቱም እንደተጫነ ጋሪ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። ሲጨርስ ጠጋ ብዬ የሚያመው ቦታ እንዳለ ጠየቅሁት። ሁለት ጣቶቹን በትከሻው ፊት ለፊት፣ የክንድ አጥንት ከሚጀምርበት ላይ አሳረፈ።

ያንን ቦታ በደንብ አውቀዋለሁ። እኔ ራሴ ብረት የለመድሁት በሰፈር ግቢ፣ በውኃ ቧንቧ ሁለት ጫፍ ላይ በተተከሉ፣ ሲሚንቶ በተሞሉ የቀለም ቆርቆሮዎች ነው፤ አግዳሚያችንም በሁለት ብሎኬቶች ላይ የተጋደመ ጣውላ ነበር። በኋላ ወደ አንድ ጂም ስገባ ደረቴ እንዲሰፋ ክርኖቼን ወደ ጎን ዘርግቼ ብረቱን ወደ አንገቴ ሥር እንዳወርድ ተነገረኝ፤ እኔም እሺ ብዬ ወራት ገፋሁ። ውጤቱ ለሁለት ዓመት ያህል ጋቢ ወደ ትከሻዬ መወርወር እንኳ የሚያስጨንቀኝ ሰው መሆን ነበር። በወቅቱ ጥፋቱን በክብደቱ ላይ አመካኝቼ ነበር፤ እያቀለልሁ ስመለስ ግን ሕመሙ በ30 ኪሎም ተመልሶ መጣ።

ምክንያቱን ለመረዳት የትከሻን አሠራር ጥቂት ማየት ያስፈልጋል። የላይኛው ክንድ አጥንት ጫፉ ክብ ሲሆን የሚያርፈው በጀርባ በኩል ካለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ጠርዝ ላይ በሚገኝ ጥልቀት በሌለው ሳህን መሰል ቦታ ነው። ጀበና በማቶቱ ላይ እንደሚቀመጥ ማለት ነው፤ ክቡ አካል ትልቅ፣ ተሸካሚው ትንሽ። ማቶቱ ቀጥ ብሎ ከተቀመጠ ጀበናው ሙሉ ቡና ይዞም አይነቃነቅም፤ ማቶቱ ከተንጋደደ ግን ባዶው ጀበና እንኳ ይወድቃል። በሰው አካል ላይ ደግሞ ማቶቱ ራሱ ተንቀሳቃሽ ነው። ጠፍጣፋው አጥንት ከደረት አጥንት ጋር የሚያገናኘው በፊት በኩል ያለችው ቀጭን የአንገት አጥንት ብቻ ስትሆን፣ ከዚህ ውጭ በጎን አጥንቶች ላይ የሚንሸራተተውና በቦታው የሚያዘው በጡንቻ ኃይል ነው። ሠሪው ይህን አጥንት ሳያስቀምጥ ብረቱን ሲያወርድ፣ ትከሻው ወደ ፊት ተገፍቶ የክንዱ ራስ ከሳህኑ ፊት ለፊት ይገፋል፤ ትልቁ የደረት ጡንቻ መሸከም የነበረበትን ጭነትም በዚያ በኩል ያሉት ስስ ጅማቶች ይሸከሙታል። ክርኖች እንደ መስቀል ግራና ቀኝ ሲዘረጉ ችግሩ ይብሳል፤ የክንዱን ራስ አቅፈው ከሚይዙት አራት ትናንሽ ጡንቻዎች የአንዱ ጅማት ከትከሻ ጫፍ አጥንት ሥር በጠባብ መተላለፊያ የሚያልፍ በመሆኑ፣ በዚያ አቀማመጥ መደጋገም ቦታውን ያስቆጣዋል።

ስለዚህ ለዚያ ተማሪ ብረቱን ባዶ አስደርጌ የጠየቅሁት እንዲገፋ ሳይሆን እንዲቆም ነበር። መጥረጊያ እንጨት አስመጣሁና፣ እረኛ ዱላውን በማጅራቱ ላይ አጋድሞ ሁለት እጆቹን እንደሚያንጠለጥልበት እንዲያንጠለጥል ነገርሁት። የክፍለ ሀገር ልጅ በመሆኑ ሳቀ፤ አቋሙን ግን ወዲያው ያዘው። በዚያ አቋም ደረት ይከፈታል፣ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ጠፍጣፋ አጥንቶችም አንዱ ወደ ሌላው ይጠጋሉ። የሚቀረው ትከሻን ከጆሮ ማራቅ፣ ማለትም የተጠጉትን አጥንቶች በዚያው እንደተያዙ ወደ ታች፣ ወደ ወገብ አቅጣጫ መሳብ ብቻ ነው። ብዙ አሰልጣኞች «ደረትህን ንፋ» ብለው ያልፋሉ፤ ይህ ትእዛዝ ሠልጣኙ ወገቡን ብቻ እንዲለጥጥና ትከሻው እንደነበረ እንዲቀር ያደርገዋል እንጂ አጥንቶቹን አያስቀምጥም።

አግዳሚው ላይ ሲወጣ ያንኑ አቋም ይዞ መቆየት ሌላ ጥበብ ይጠይቃል። ዓይኖቹ ከብረቱ ሥር እንዲሆኑ አድርጎ ይጋደማል፤ እግሮቹን በሙሉ መርገጫቸው መሬት ላይ ያስረግጣል፤ ብረቱን ይጨብጣል። ከዚህ በኋላ ብዙዎች የማይሠሩትን ይሠራል፤ ብረቱ መስቀያው ላይ እንዳለ፣ በብረቱ ላይ እንደሚንጠላጠል ሰው ደረቱን ወደ ብረቱ ይስብና ጀርባው ከአግዳሚው ጥቂት ሲነሣ ትከሻዎቹን አጥብቦ ወደ ታች ስቦ ከሥሩ ያስገባቸዋል፤ ከዚያም የሰውነቱን ክብደት በላይኛው ጀርባው ላይ አሳርፎ መቀመጫውን ይመልሳል። በትክክል ከተሠራ ከሁለቱ ትከሻዎች መካከል ያለው ሥጋ ተጨምድዶ አግዳሚውን ሲቆነጥጥ ይሰማዋል። እዚህ ላይ ስለ ፎጣ አንድ ነገር ልበል፦ ለንጽሕና ሲባል በአግዳሚው ሌዘር ላይ ፎጣ ማንጠፍ የተለመደ ነው፤ ሆኖም ፎጣው በሌዘሩ ላይ ሲንሸራተት የተቀመጠውን ትከሻ ይዞት ይሄዳል። ላቡን ጠርጎ በጥጥ ካናቴራ መተኛት የተሻለ ነው።

በእጅ አያያዝ ረገድ ብረቱ መቀመጥ ያለበት በጣቶች ሥር ሳይሆን ዝቅ ብሎ፣ በመዳፉ የታችኛው ክፍል፣ ከእጅ አንጓ አጥንት ትክክል ነው፤ አንጓው ወደ ኋላ ከታጠፈ ኃይሉ መንገድ ላይ ይቀራል። አውራ ጣት ብረቱን መዞር አለበት። በዚህ ድርድር የለኝም፤ አውራ ጣት ባልዞረበት አያያዝ ብረቱ ከመዳፍ ቢሾልክ የሚወድቀው ደረት ወይም አንገት ላይ ነው። የሁለቱ እጆች ርቀት ከትከሻ ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ሲሆን ለአብዛኛው ሰው ይስማማል፤ ትክክለኛነቱም ብረቱ ደረት ላይ ሲያርፍ ይታያል፤ የታችኛው ክንድ ከፊትም ከጎንም ሲታይ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። በጥሩ ብረቶች ላይ የሚታዩት ሁለት ለስላሳ ቀለበቶች በ81 ሴንቲሜትር ርቀት የተሠሩ ናቸው፤ ይህም በዓለም አቀፉ የፓወርሊፍቲንግ (ቤንች አንዱ ክፍሉ የሆነበት የብረት ማንሣት ውድድር) ፌዴሬሽን ደንብ በሁለቱ ሌባ ጣቶች መካከል የሚፈቀደው የመጨረሻ ስፋት ነው። ወጣቶቻችን ግን ቀለበቱን እጅ የሚያርፍበት መነሻ አድርገው ያዩታል፤ አንዳንዱ ትንሽ ልጅ እጆቹን እስከዚያ ሲዘረጋ በብረቱ ላይ የተሰቀለ ይመስላል።

ትከሻው ተቀምጦ ከሆነ የቀረው ነገር ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ክርኖቹ ከጎን ጋር ከ45 እስከ 70 ዲግሪ በሚሆን ማዕዘን ራሳቸው ይገባሉ፤ ብረቱም በደረት የታችኛው ክፍል ላይ ያርፋል። ሲመለስ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሳይሆን ትንሽ ወደ ራስጌ እየተጠማዘዘ ከትከሻ ትክክል ላይ ያበቃል። እዚህም ላይ ስህተት አለ፤ ሠሪው መጨረሻው ላይ ብረቱን ወደ ጣሪያ ለማድረስ ትከሻውን አብሮ ይገፋዋል። ክርኑ ከተዘረጋ በቂ ነው። ትከሻ አብሮ ከተነሣ ማቶቱ ተንጋዷል ማለት ስለሆነ ቀጣዩ ድግግሞሽ ያለ መሠረት ይጀመራል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ፤ እሱም ሠሪዎቹን ሳይሆን ዕቃውን ይመለከታል። ብዙዎቹ የከተማችን ቤንቾች በአገር ውስጥ ብረታ ብረት ቤቶች የተበየዱ ናቸው፤ ጥንካሬያቸውን አደንቃለሁ፣ ከውጭ የመጡት ተወላልቀው እነሱ የቆሙበት ጂም አውቃለሁ። ችግሩ መስቀያው አንድ ብቻ ሆኖ፣ ረጅም እጅ ባለው ሰው ልክ፣ በማይንቀሳቀስ ከፍታ መበየዱ ነው። አጭር እጅ ያለው ሰው ብረቱን ከዚያ ለማውረድ ትከሻውን ከአግዳሚው ነቅሎ መንጠራራት ግድ ይሆንበታል። ስለ አቀማመጥ የነገርሁት ሁሉ በዚያች አንዲት መንጠራራት ይፈርሳል፤ ብረቱ በእጁ ላይ ከሆነ በኋላ ትከሻውን እንደገና ለማስቀመጥ አይቻለውም። ብረቱ ሲጨበጥ ክርኖች በመጠኑ ታጥፈው፣ እጅ ሲዘረጋ ደግሞ ብረቱ ከመስቀያው ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ብቻ ከፍ የሚል መሆን አለበት። ከዚያ ወደ ፊት የሚወጣው በግፊት ሳይሆን በመሳብ፣ ክርን እንደተዘረጋ በብብት ሥር ባሉት የጀርባ ጡንቻዎች ኃይል ነው። ረዳት የሚያስፈልገውም ይኸኔ ነው፤ ብረቱን ከመስቀያው አውጥቶ ከትከሻ ትክክል ላይ አድርሶ እጁን የሚያነሣ፣ ከዚያም ብረቱ መሀል ላይ ካልቆመ በቀር የማይነካ ረዳት።

የአግዳሚው መጠንም ቸል ሊባል አይገባም። የፌዴሬሽኑ ደንብ ለውድድር ቤንች ከ42 እስከ 45 ሴንቲሜትር ቁመትና ከ29 እስከ 32 ሴንቲሜትር ስፋት ይደነግጋል። እኔ በሜትር ከለካኋቸው መካከል 22 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው አጋጥሞኛል። በእንዲህ ያለው ጠባብ ሳንቃ ላይ የትከሻ አጥንቶች ጠርዙን አልፈው በአየር ላይ ስለሚቀሩ የሚያርፉበት የላቸውም። ሃምሳ ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ደግሞ አጭር ሰው ተረከዙ ተንጠልጥሎ እንዲገፋ ያደርገዋል፤ እግር መሬት ካልረገጠ ሰውነት ይወዛወዛል፤ የሚወዛወዘውን የሚያስተካክለው ትከሻ ነው። ለጊዜው ከእግር ሥር ሁለት የብረት ክብደቶች አጋድሞ መርገጥ ያግዛል።

ደረትን ከፍቶና ጀርባን በመጠኑ ቀስት አድርጎ መግፋት «ማጭበርበር ነው፣ ወገብም ይሰብራል» የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ከሥራ ባልደረቦቼም አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። በውድድር ላይ አንዳንዶች ወገባቸውን እጅግ ለጥጠው ብረቱ ጥቂት ጣት ያህል ብቻ እንዲጓዝ ማድረጋቸው ስላከራከረ፣ ፌዴሬሽኑ ከ2023 ጀምሮ ብረቱ ደረት ላይ ሲደርስ የክርን የታችኛው ክፍል ከትከሻው የላይኛው ገጽ ጋር እኩል ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን ደንግጓል። እኔ የምለው ቀስት ግን ያ አይደለም። ከላይኛው ጀርባ የሚመጣ፣ ራስ፣ ትከሻና መቀመጫ አግዳሚውን ሳይለቁ የሚፈጠር የደረት መከፈት ነው። ወገብ የሌለበት ጉዳይ መሆኑን ለማየት ፓራሊምፒክን መመልከት ይበቃል። በፓራ ፓወርሊፍቲንግ ያለው ውድድር ቤንች ፕሬስ ብቻ ሲሆን፣ ተወዳዳሪዎች እግራቸውን በአግዳሚው ላይ ዘርግተው፣ ብዙዎቹም በቀበቶ አስረው ይገፋሉ፤ መሬት ረግጦ የሚገኝ ኃይል የለም። ኢራናዊው ሲያማንድ ራህማን በ2016 ሪዮ ላይ 310 ኪሎ ያነሣው እንዲህ ተኝቶ ነው። ከአህጉራችንም ግብፃዊው ሸሪፍ ኦስማን በቤይጂንግ፣ በለንደንና በሪዮ ተከታታይ ሦስት ወርቅ ወስዷል፤ ናይጄሪያዊቷ ፎላሻዴ ኦሉዋፌሚያዮም በቶኪዮና በፓሪስ አሸንፋለች። የእነዚህን ሰዎች የመጀመሪያ ሦስት ሰከንድ፣ ብረቱን ከመቀበላቸው በፊት ትከሻቸውን እንዴት እንደሚያደላድሉ ያየ ሰው ከአንድ ወር የእኔ መመሪያ የበለጠ ይማራል። በነገራችን ላይ በፓራሊምፒክ በሩጫ የምትታወቀው አገራችን ይህን ስፖርት ለምን እንዳልገፋችበት አይገባኝም፤ እሱ ግን ሌላ ደብዳቤ ይሻል።

የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ይህን አንብበው ነገ ለተማሪዎቻቸው በፑሽ አፕ ላይ እንዳይተገብሩት እሰጋለሁና አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በፑሽ አፕ ጀርባው በምንም ስላልተያዘ የትከሻ አጥንቶች በጎን አጥንቶች ላይ በነፃነት መንሸራተት አለባቸው፤ ሲወርዱ ይቀራረባሉ፣ ሲወጡ ይራራቃሉ። እነሱን ቆልፎ መያዝ የሚያስፈልገው ጀርባ በአግዳሚ ላይ ተጭኖ ከባድ ብረት በሚገፋበት ጊዜ ነው። ቤንች ብቻ እየሠራ ፑሽ አፕን የናቀ ሰው ያንን መንሸራተት ስለሚረሳ፣ ሁለቱንም እንዲሠራ እመክራለሁ። ለብቻው የሚሠራ ሰው ደግሞ የክብደቱን መያዣ ክሊፕ ባያስገባ ይሻላል፤ ብረቱ ቢያቅተው ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ክብደቱን ማፍሰስ ይችላልና።

ተማሪው በዚያ ሰኞ በ40 ኪሎ ቀረ፤ ጓደኞቹ ሲያሾፉበት ጥቂት ተሸማቅቆ ነበር። በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ድግግሞሽ ብረቱን ደረቱ ላይ ለአንድ ሰከንድ እያሳረፈ ገፋ፤ ትከሻው ከለቀቀ ድግግሞሹ አልተቆጠረለትም። በስድስተኛው ሳምንት 80 ኪሎውን ማንም ሳይነካለት አራት ጊዜ ገፍቶ መለሰው። አምስተኛውን ሊሞክር ሲል ትከሻው ሲነሣ ራሱ ተሰማውና ብረቱን ወደ መስቀያው መለሰ። እኔን ያስደሰተኝ አራቱ ሳይሆን ይህ የተወው አምስተኛው ነው።

ለጂም ባለቤቶች ያለኝ ጥያቄ ትንሽ ነው። በየቤንቹ ምሰሶ ላይ አሁን ካለው መስቀያ ዝቅ ብሎ፣ በየአምስት ሴንቲሜትሩ ሁለት ተጨማሪ መስቀያ ያስበይዱ፤ አንድ በያጅ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ የሚጨርሰው ሥራ ነው። ብረታ ብረት ቤቶችም አዲስ ሲሠሩ የአግዳሚውን ስፋት ከ29 ሴንቲሜትር አያሳንሱት። ጋዜጣችሁ ደግሞ በስፖርት ገጹ ጥግ ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ በወር አንዲት ዓምድ ቢፈቅድ፣ እኔና የሙያ አጋሮቼ ያለ ክፍያ ለመጻፍ ፈቃደኞች ነን፤ ቀጣዩን ስለ እግር መሥሪያው፣ ሰኞ ማታ ጦሙን ስለሚያድረው፣ ለመጻፍ አስቤያለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ የሰውነት ማጎልመሻ አሰልጣኝ
ከአዲስ አበባ